ግሪጎሪ ፒንከስ፦ ከጥንቸል እንቁላል እስከ ካዛንቺስ ፋርማሲ

እሑድ ጠዋት ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባለው መስመር ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ጥቂት ብትቆሙ የማታጡት ነገር አለ። አንድ ወጣት ይገባል፤ ወይ አንዲት ወጣት ትገባለች። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከዚያ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ፖስት ፒል ይጠየቃል። ፋርማሲስቷ ምንም ሳትል ታቀብላለች፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ትንሿ ካርቶን ኪስ ትገባለች፣ በቃ። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ስለዚህች ፍሬ ብዙ ይወራል። ፅንስ ታስወርዳለች የሚል አለ። ሁለት ሦስቴ የወሰደች ሴት መካን ትሆናለች የሚልም አለ። በተቃራኒው ደግሞ መቼም ቢወስዷት ትሠራለች ብሎ የሚተማመንባት ሞልቷል። በትክክል ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩን ለመረዳት አጭሩ መንገድ የአንድን ሰው ሕይወት መከተል ይመስለኛል። ሰውየው ወጣትነቱን በጥንቸል እንቁላል ላይ ያጠፋ፣ በዚሁ ሰበብ እንጀራውን ያጣ፣ በኋላ ደግሞ በመላው ዓለም የሴቶችን ኑሮ የቀየረ ነው። ግሪጎሪ ፒንከስ ይባላል።

አዎ፣ የጥንቸል እንቁላል ነው ያልኩት። ጥንቸል እንደ ዶሮ እንቁላል አትጥልም እንጂ እንቁላልስ አላት። ላምም፣ ፍየልም፣ ሴት ልጅም አላቸው። የሰው እንቁላል ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ጡት በሚያጠቡ እንስሳት ውስጥ እንቁላል መኖሩን ሰው በዓይኑ ያየው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የተባለ ሳይንቲስት ከውሻ ላይ አገኘው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ ዘመኑ የፈረንጅ ነው።)

ፒንከስ ኤፕሪል 9 ቀን 1903 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ዉድባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ዉድባይን ከሩሲያ ተሰደው ለመጡ አይሁዶች የተቆረቆረች የገበሬዎች ሰፈር ነበረች። ገንዘቡን ያወጣው ባሮን ደ ሂርሽ የሚባል ባለጸጋ ነው፤ ስደተኞቹ ከሱቅና ከመርፌ ሥራ ወጥተው ማረስ እንዲለምዱ። የፒንከስ አባት መምህር ነበር፤ የገበሬዎች መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር። አጎቱ ደግሞ የታወቀ የአፈር ተመራማሪ። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ግሪጎሪ ነው፤ ቤተሰቡ ጉዲ እያለ ነበር የሚጠራው። በእኛ ጆሮ ወደ ጉድ ይጠጋል፤ ለሰውየው ደግሞ የሚስማማ ስም ነው።

በ1924 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በግብርና ተመረቀ፣ በዚያው ዓመት ኤልዛቤት ኖትኪንን አገባ፣ በ1927 ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ቀጥሎ ወደ ኬምብሪጅና ወደ በርሊን ሄዶ ተማረ። ሃርቫርድ ሲመለስና ረዳት ፕሮፌሰር ሲሆን ገና ሠላሳ አልሞላውም። ያኔ ነው ጥንቸሎቹን የያዘው።

ለምን ጥንቸል? ጥንቸል ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። የሴት ልጅ እንቁላል በወር አንዴ በራሱ ጊዜ ይለቀቃል፤ ቀኑን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጥንቸል ግን እንቁላሏን የምትለቀው ከወንዱ ጋር ከተገናኘች በኋላ ነው፤ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ቆይታ። ሰዓት አይቶ መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው።

በ1934 ፒንከስና ኤንዝማን የተባለ ባልደረባው የጥንቸል እንቁላልና የወንድ ዘር ብርጭቆ ውስጥ አገናኝተው፣ እንቁላሉን ሌላ ጥንቸል ውስጥ አስቀምጠው ግልገሎች መወለዳቸውን አስታወቁ። ሽል ከማኅፀን ውጭ! ወሬው ያኔ ምን ያህል እንዳስደነገጠ መገመት ነው። እውነቱን ለመናገር ሙከራው ቀዳዳ ነበረው። ዘርና እንቁላል በእርግጥ የተዋሐዱት ብርጭቆው ውስጥ ይሁን ወይስ ወደ ጥንቸሏ ከተመለሱ በኋላ፣ ያኔ የተሟላ ማረጋገጫ አልቀረበም። ጥያቄውን የዘጋው ከ25 ዓመት በኋላ የፒንከስ የሥራ ባልደረባ ሚን ቹዌ ቻንግ ነው።

በእኔ ግምት ትልቁ ግኝት ግን ጋዜጣ ያልጮኸለት ነው። በ1935 የታተመ። ፒንከስና ኤንዝማን ያልበሰለ እንቁላል ከጥንቸል ሆድ አውጥተው ሳህን ላይ አስቀመጡ። ምንም አልጨመሩበትም፣ ምንም አላዘዙትም። እንቁላሉ ግን በራሱ ነቃና መብሰል ጀመረ። ከዚህ ምን ትረዳላችሁ? እንቁላሉ እንዲነቃ የሚቀሰቅሰው አልነበረም የሚያስፈልገው። እንዳይነቃ የሚያስተኛው ነገር ነበር፤ ያ ነገር ደግሞ በተቀመጠበት ከረጢት ውስጥ ነው። ከከረጢቱ ሲወጣ ማስተኛው ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የሴት ልጅን አካል እንይ፤ ሌላው ታሪክ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና።

ሴት ልጅ እንቁላሏን የምትሠራው ከመወለዷ በፊት ነው። ስለዚህ አንተ የተፈጠርክበት፣ አንቺም የተፈጠርሽበት እንቁላል የተሠራው እናታችሁ በአያታችሁ ማኅፀን ሳለች ነው። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ሺሕ ገደማ ይቀራል፤ በዕድሜዋ ሙሉ በስሎ የሚለቀቀው 400 ያህሉ ብቻ ነው። እያንዳንዱ እንቁላል የክሮሞዞሙን ግማሽ ለመጣል ክፍፍል ይጀምርና መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ይተኛል። አሥራ ሦስት ዓመት የሚተኛ አለ፤ አርባ ዓመት የሚተኛም አለ። በዙሪያው ያሉት የከረጢቱ ሕዋሳት በቀጭን ቀዳዳ የሚያሳልፉለት ኬሚካል ነው የሚያስተኛው። ኬሚካሉ የትኛው እንደሆነ በደንብ የተለየው በ2010 አካባቢ ነው፤ ፒንከስ ካየው 75 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ማነው ታዲያ የሚቀሰቅሰው? አእምሮ ሥር የተንጠለጠለች፣ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ፒቱታሪ የምትባል እጢ አለች። በየወሩ መጀመሪያ ላይ ከረጢቶቹን የሚያሳድግ ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ጥቂት ከረጢቶች አብረው ማደግ ይጀምራሉ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ቀድሞ ሌሎቹን ያስቀራቸዋል። እያደገ ያለው ከረጢት ኢስትሮጅን ያመርታል። ኢስትሮጅኑ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ አእምሮ ከረጢቱ መድረሱን ያውቃል። ያኔ ፒቱታሪ ሁለተኛውን ሆርሞን በአንድ ጊዜ ታጎርፈዋለች። ጎርፉ ለከረጢቱ ሕዋሳት ይደርሳል፤ እነሱም ማስተኛውን ያቋርጣሉ። እንቁላሉ ይነቃል፣ የጀመረውን ክፍፍል ይቀጥላል፣ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ከረጢቱ ፈንድቶ ይለቀዋል። ባዶው ከረጢት ደግሞ ሥራውን አልጨረሰም፤ ቢጫ ሆኖ ፕሮጄስትሮን ማምረት ይጀምራል። ፕሮጄስትሮን ማኅፀኑን ለፅንስ ያደላድላል፣ ለአእምሮም ሌላ እንቁላል አትልቀቅ የሚል መልእክት ያደርሳል። ያረገዘች ሴት እንደገና የማታረግዘው ለዚህ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ። አንዲት ሴት ሳታረግዝ ፕሮጄስትሮን ብትወስድ አእምሮዋ ይታለላል። ጎርፉ አይመጣም። እንቁላሉም እንደተኛ ይቀራል። ሉድቪግ ሃበርላንት የሚባል የኦስትሪያ ሰው በ1921 ከእርጉዝ ጥንቸል የተወሰደ የእንቁላል ማኅደር ሌላ ጥንቸል ውስጥ አስገብቶ እንዳታረግዝ አድርጎ ነበር። በ1937 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ፕሮጄስትሮን በመርፌ የተሰጣት ጥንቸል እንቁላል እንደማትለቅ አሳዩ። ዕውቀቱ መንገድ ላይ ወድቆ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚያነሳው ነው የጠፋው።

ፒንከስ ግን በዚያው በ1937 ሌላ ጣጣ ውስጥ ነበር። ዓመት ቀደም ብሎ ስለ አጥቢ እንስሳት እንቁላል አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ጋዜጦች ሳይንሱን ትተው ሰውየውን ያዙት። ከአልዶስ ሃክስሊ ልቦለድ ጋር እያነጻጸሩ በብርጭቆ ሰው ሊያመርት ነው አሉት። ኮሊየርስ የተባለው ትልቅ መጽሔት ወንድ የማያስፈልግበት ዓለም እየመጣ ነው የሚል ዓይነት ጽሑፍ አወጣበት፤ አይሁዳዊነቱም እንደ ነውር እየተጠቀሰ። ሃርቫርድ ውሉን አላደሰለትም። 34 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ አሜሪካ ገና ከኢኮኖሚ ድቀቱ አልወጣችም። ዛሬ ቢሆን በቲክቶክ የሚወረድበትን አስቡት።

ያወጣው ጓደኛ ነው። ሃድሰን ሆግላንድ የሚባል የሃርቫርድ አብሮ አደጉ ዉስተር ከተማ በሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ የክፍል ኃላፊ ሆኖ ነበርና በ1938 ጠራው። ዩኒቨርሲቲው ደመወዝ አልመደበለትም፤ ሆግላንድ ከከተማው ነጋዴዎችና ከወዳጆቹ እየለመነ ነበር የሚከፍለው። በ1944 ሁለቱ ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው የራሳቸውን የምርምር ተቋም መሠረቱ፤ የዉስተር የሙከራ ባዮሎጂ ተቋም። ስሙ ያስፈራል እንጂ አጀማመሩ የእድር ቤት ነው የሚመስለው። ሣሩን የሚያጭደው ዋናው ኃላፊ ሆግላንድ ራሱ ነበር። በ1945 ከቻይና የመጣው ሚን ቹዌ ቻንግ ማታ ማታ ዘበኛ ሆኖ ያድራል፤ ቀን ቀን ጥንቸል ላይ ይሠራል። ይህ ሰው ነው በኋላ እነ ፒንከስ ያቃታቸውን የጨረሰው።

በ1951 አካባቢ ፒንከስ ማርጋሬት ሳንገርን ኒው ዮርክ ውስጥ እራት ላይ ተገናኘ። ሳንገር ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ለሴቶች ይፍቀድ በማለት ታስረው የወጡ፣ ዓለም የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። እናታቸው 11 ልጅ ወልደው በ50 ዓመታቸው የሞቱ ናቸው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ ሴት ባሏን ሳታስፈቅድ፣ እንደ አስፕሪን የምትውጠው ነገር። ፒንከስ ይቻላል ብሎ አሰበ። ቻንግም ወደ ጥንቸሎቹ ተመለሰ፤ ፕሮጄስትሮን በአፍ ሲሰጣቸውም እንቁላል መልቀቅ አቆሙ።

ገንዘብ? መንግሥት በዚህ ጉዳይ እጁን አያስገባም። የመድኃኒት ኩባንያዎች ይፈራሉ። ፒንከስ በሚኖርበት ማሳቹሴትስ ግዛት የወሊድ መከላከያ መስጠት ራሱ ወንጀል ነበር። እንግዲህ ሳንገር በ1953 አንዲት ወይዘሮ ይዘው መጡ። ካትሪን ማኮርሚክ፣ በ1904 ከኤምአይቲ በባዮሎጂ የተመረቁ፣ ባላቸው በአእምሮ ሕመም ለአሥርት ዓመታት ተቆልፈው ኖረው የሞቱባቸው፣ የእርሻ መሣሪያ ሀብት የወረሱ ሴት። ለሥራው በአጠቃላይ 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳወጡ ይነገራል። የክኒኑ ወጪ ከሞላ ጎደል የተሸፈነው ከአንዲት ሴት ቦርሳ ነው።

አንድ ችግር ቀረ። ተፈጥሯዊው ፕሮጄስትሮን በአፍ ሲወሰድ ብዙው ሆድ ውስጥ ይባክናል፤ ውድም ነበር። ይህን የፈቱት ኬሚስቶች ናቸው። ሜክሲኮ ጫካ ውስጥ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሥራ ሥር አለ፤ በደቡቡ ያገራችን ክፍል ከምናውቀው ከቦዬ ጋር ቤተ ዘመድ ነው። ከሱ በሚወጣ ንጥረ ነገር ሆርሞን በርካሽ መሥራት ተቻለ። ከ1951 ጀምሮ ደግሞ በአፍ ሲወሰዱ የሚሠሩ አምሳያዎች በሁለት ኩባንያዎች ተፈጠሩ። ፒንከስ የመረጠው ሰርል የተባለውን ኩባንያ አምሳያ ነው።

ጥንቸል ላይ የሠራ ሰው ላይ መሞከር አለበት፤ ፒንከስ ደግሞ የሕክምና ዶክተር አይደለም። ስለዚህ ጆን ሮክን ያዘ። ሮክ ቦስተን ውስጥ የታወቀ የማኅፀን ሐኪም፣ አምስት ልጆች የወለደ፣ ቅዳሴ የማይቀርበት ካቶሊክ ነው። ሥራው ያልወለዱትን ማስወለድ ነበር! ገርሞኝ የማያልቅ ነገር ነው፤ ለመውለድ የሚታገሉ ሴቶች ሐኪምና ላለመውለድ የሚታገሉ ሴቶች ሐኪም አንድ ሰው ሆነ። ግን ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚሄዱት ወደዚያች አተር የምታህል እጢ ነው።

አሁን ደስ የማይለው ክፍል። በ1954 ሮክና ፒንከስ 50 ሴቶች ላይ ሙከራ ጀመሩ፤ ሕጉን ለመሸሽ የመካንነት ጥናት ነው ተባለ። በዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል በተኙ ሴቶች ላይም ተሞከረ፤ እነዚህ እሺ ወይም እምቢ ማለት የማይችሉ ነበሩ። በ1956 ትልቁ ሙከራ ወደ ፖርቶ ሪኮ ተወሰደ፤ ሪዮ ፒዬድራስ ወደሚባል የድሆች መኖሪያ መንደር። ሴቶቹ ለክኒኑ ተሰለፉ፤ ልጅ በላይ በላይ መውለድ የሰለቻቸው ነበሩ። ክኒኑ እርግዝና እንደሚከላከል ተነግሯቸዋል፤ እየተሞከረባቸው እንደሆነ ግን በግልጽ አልተነገራቸውም። ሙከራውን በቦታው የመሩት ዶክተር ኤድሪስ ራይስ-ሬይ ከመቶ ሴቶች 17ቱን ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ክኒኑ ይከላከላል ግን ጉዳቱ በዛ ብለው ጻፉ። ፒንከስ ይህን በጭንቀት የመጣ ነው ብሎ አሳለፈው።

እኔ እዚህ ላይ ለሰውየው ጥብቅና አልቆምም። ያኔ ስለ ሙከራ ፈቃድ የነበረው ልማድ እንደዛሬው አይደለም ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ያች ሐኪም ልክ ነበሩ። የመጀመሪያው ክኒን 10 ሚሊ ግራም ያህል ሆርሞን ነበረው፤ ዛሬ ከምታዩዋቸው ክኒኖች ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከ1961 ጀምሮ ክኒኑን በሚወስዱ አንዳንድ ሴቶች ላይ ደም መርጋት ታየ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ የተቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጥንቸል አትናገርም፤ ፒንከስ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከማትናገር ጋር ሲሠራ ስለኖረ የምትናገረውን መስማት የከበደው ይመስላል።

መቼም ሳይንስ የሚሄደው ቀጥ ብሎ አይደለም። የመጀመሪያው የሰርል ምርት በስሕተት ትንሽ ኢስትሮጅን ተቀላቅሎበት ነበር። ይህ ሲታወቅ አጠሩት። ያኔ ሴቶቹ ያለ ጊዜው ደም ይፈሳቸው ጀመር። ስለዚህ ኢስትሮጅኑን ሆን ብለው መለሱት። እስከ ዛሬ ብዙው ክኒን ሁለት ሆርሞን የሚይዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1957 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ክኒኑን ፈቀደ፤ ለወር አበባ መዛባት ብቻ። ባንድ ጊዜ የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት በዛች። በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሴቶች ይወስዱት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በ1960 በስሙ ተፈቀደ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ክልክል ነበር። በ1958 ዓ.ም. በበጎ ፈቃደኞች የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ተመሠረተ። ሳንገር የሞቱት በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ በጳጉሜን መጀመሪያ ነው። መንግሥት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ያወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። በ1992 ዓ.ም. አገር አቀፍ የጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች ውስጥ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 41 ደርሰዋል። እኛ ጋ የበዛው ክኒኑ አይደለም፤ በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ነው። መርፌውም የያዘው የፕሮጄስትሮን አምሳያ ነው፤ የቻንግ ጥንቸሎች ላይ የተሞከረው ሐሳብ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከሁለት ልጅ በታች ሆኗል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙ የ3 ዓመቱ ሕፃን ሰማዕት፣ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የሚታሰበው ቅዱስ ቂርቆስ ነው፤ እነ ጋንዲና ዘውዲቱ ሆስፒታልን የያዘም ክፍለ ከተማ ነው። በጋንዲ ማዋለጃ በር ላይ ዘመድ አጥሚት ይዞ ሲጠብቅ ያየ፣ ልጅ የሚፈለግበትም የማይፈለግበትም ጊዜ እንዳለ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እና ፖስት ፒልስ? አሁን ቀላል ነው። በውስጧ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሌላ የፕሮጄስትሮን አምሳያ ነው። ሥራዋ ያ የሆርሞን ጎርፍ እንዳይመጣ ማዘግየት ነው። ጎርፉ ካልመጣ እንቁላሉ አይለቀቅም፤ የወንዱ ዘር ጠብቆ ጠብቆ ያልቅለታል። ስለዚህ በቶሎ መውሰዱ፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ትርጉም አለው። ጎርፉ አስቀድሞ ከመጣ ግን ልታቆመው አትችልም፤ መቼም ቢወስዷት ትሠራለች የሚለው ውሸት የሚሆነው ለዚህ ነው። የተፀነሰ ፅንስ አታስወርድም። መካንም አታደርግም፤ ደጋግሞ መውሰድ የወር አበባን ቀን ያዛባል እንጂ። በየሳምንቱ የምትገዛ ከሆነ ፋርማሲስቷን ስለ ሌላው ዘዴ መጠየቅ ይሻላል። ከኤችአይቪ ደግሞ ጨርሶ አታድንም።

ፒንከስ በክኒኑ አልከበረም፤ የፈጠራ መብት በስሙ አላስመዘገበም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአገር አገር እየዞረ ስለ ክኒኑ ሲያስረዳ፣ የአጥንት መቅኔውን የሚያጠቃ በሽታ ይዞት ነበር። ኦገስት 22 ቀን 1967 ቦስተን ውስጥ በ64 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወይዘሮ ማኮርሚክም ተከተሉት፤ 92 ዓመታቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ክኒኑን ለካቶሊኮች ሲከለክሉ የተመታው ሮክ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ትቀበለዋለች ብሎ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሶ ነበርና።

ከፒንከስ ሥራ አንዲት ስሕተት ቀርታ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሰው እንቁላል ከከረጢቱ ወጥቶ በ12 ሰዓት ውስጥ ይበስላል ብሎ ጽፏል፤ የጥንቸሉን ሰዓት ለሰው ሰጠው ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ኤድዋርድስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን አምኖ ከቀዶ ሕክምና የተረፉ የሰው እንቁላሎችን ሳህን ላይ አስቀምጦ 12 ሰዓት ጠበቀ። ምንም የለም። ደግሞ ጠበቀ፤ ምንም። ሁለት ዓመት ያህል ባከነበት። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል 25 ሰዓት እና ከዚያ በላይ አቆያቸው፤ ነቁ። ሙሉ በሙሉ ለመብሰል የሚፈልጉት ከ36 ሰዓት በላይ ነበር። በ1965 ይህን አሳተመ፤ በ1978 ሉዊዝ ብራውን የተባለችው ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰች የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወለደች።

አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ ይህ ሕክምና የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ዓመታት የጠበቁ፣ ጠበልም ሐኪምም ያዳረሱ ባልና ሚስት ይመጣሉ። ለሴቲቱ ከረጢት የሚያሳድገው ሆርሞን ለአሥር ቀን ያህል በመርፌ ይሰጣታል፤ በወር አንድ የሚያድገው ብዙ ሆኖ ያድጋል። ከዚያ እንቁላሎቹን የሚቀሰቅስ አንድ መርፌ ማታ ላይ ትወጋለች። ሐኪሙ ሰዓቱን ይጽፋል፣ እሷም በስልኳ ትሞላለች። እንቁላሎቹ የሚወጡት 36 ሰዓት ገደማ ተቆጥሮ ነው።